ወራጅ አለ

ኅዳር፤ ደብረ ብርሃን፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፤
ቁሩ ጣቴን ሰፍቶት ከበሩ ብረት፤
«ሮቢት! ሮቢት! አንድ ሰው! የቀረን አንድ ሰው!»
(ውሸቴን ነው፤ ገና ስድስት ወንበር ባዶ ነው።)

ያን ጊዜ ነው የመጣው ጋሽ አጥናፍሰገድ፣
ሻንጣ የለው፣ ዱላ የለው፣ ጣሳ አቅፎ ባንድ ክንድ፤
ዝሆን ያለበት ጣሳ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣
ክዳኑ በዝገት ካንገቱ የተጣበቀ።
«መስኮት በኩል» አለኝ፤ «ባሕሩን ላይበት።»
ዘርጋው ከመሪው ላይ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁበት።

በወጣትነቱ መርከበኛ ነበር፣
የሞተር ዘይት ቀቢ፣ ከሆዷ ውስጥ የሚያድር።
«አንድ ጊዜ» አለን፣ «መርከባችን ታማ
ዘጠኝ ቀን ቆምን በኮሎምቦ ከተማ።
አለቃዬን ለምኜ ባቡር ተሳፈርሁ፣
ከወደቡ ወበቅ ወደ ዳገት ሸሸሁ።
ዳገቱ፣ ልጄ፣ ዳገቱ! ሻይ የለበሰ፣
እንደ በግ ጠጉር የተሸለተ፣ የለሰለሰ፤
ሴቶቹ ቁጥቋጦው ውስጥ እስከ ወገብ ሰጥመው፣
የቅርጫቱን ገመድ በግንባር ተሸክመው፣
ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ፣
ሁለት ቅጠልና አንድ እንቡጥ፣
ቀኑን ሙሉ ጣታቸው ሲቀጥፍ፣ ሲቆርጥ።»

«ብርዱስ?» አለች አንዲት ሴት፣ ልጅ ያዘለች፣ ከኋላ።
ጋሼ ዞር አለላት፣ ሳቅ እንደማለት ብሎ ኋላ፦
«ብርዱማ የኛው ነው፤ ጉሙም የኛው ነው፤
ከጎኔ ያለው ሰውዬ ብቻ ነው የማላውቀው።»

ጣርማበር ስንደርስ ጭላዶች መንገድ ዳር
ጀርባቸውን ሰጥተውን ሣር ሲነጩ ነበር።
ዋሻው ዋጠን፤ ጨለማ፤ የሕፃን ልቅሶ፤ ናፍጣ፤
ወዲያው ደግሞ ብርሃን ባንድ ጊዜ መጣ።
አገር የለም ከታች። ጉም ነው የተኛበት፣
ነጭ ነው ዳር እስከ ዳር፣ ነፋስ የሚያርስበት፤
ጥቂት የተራራ ጫፍ ብቅ ብሎ ካንገት
እንደ ዋናተኛ ነው፣ ወይም እንደ ደሴት።
ጣሳውን አጥብቆ «አየህ?» አለኝ፤ «ይኸው።»
ሺህ ጊዜ አልፌዋለሁ፤ «ጉም» ነበር የምለው።

ደብረ ሲና፤ በየመስኮቱ የቆሎ ስኒ፤
«ሱፍ አለው! ትኩስ ነው! ዞር ይበሉ ወደኔ!»
ቁልቁል። ጆሮ ይደፈናል፤ ጆሮ ይከፈታል፤
አርማንያ ላይ ጋቢ ይታጠፋል፣ ሹራብ ይወልቃል።
ገብሱ ቀረ፤ ጤፉ ቀረ፤ መጣ ማሽላ።
«እዚያም እንዲህ ነበር ስወርድ ወደ ቆላ፤
ሻዩ ቀርቶ ሙዝ፣ ሙዙም ቀርቶ ኮኮነት፣
ከዚያ ሐዲዱ ከውሃው ጋር ጎን ለጎን የተኛበት፤
ማዕበሉ መስኮቴን ሊነካ ሲዘረጋ
አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ውሃው መሐል፣ እንጨት ላይ የተንጠላጠለ፣
እጁን አነሳልኝ። ለኔ። ሌላ ሰው አልነበረም እኔ ጋ።»

«ኋላስ?» አልሁት። «ኋላማ መርከቧ ተጠገነች።
ኋላማ አሰብም...» ቃሉ ከንፈሩ ላይ ቀረች።

ሮቢት፤ ማንጎ፣ ሽንኩርት፣ ባጃጅ፣ ላብ፣ አቧራ፤
ተሳፋሪው ሁሉ ስለ ሙቀት ሲያወራ
እሱ ግን ድልድዩ ጋ፣ «ወራጅ አለ!» አለ፤
መልስ ሰጠሁት፤ «ያዘው፣ ሻይ ጠጣበት» አለ።
በስተኋላ መስኮት ዞሬ አየሁት፤
ጫማውን አወለቀ፤ ከዚያ ካልሲውን፤ ቀስ እያለ፤
እግሩን ሮቢ ውስጥ ከተተ፤ ጣሳውን ከጎኑ አኖረ፤
ውሃው ከቁርጭምጭሚቱ አላለፈም ነበረ።

ማታ ወደ ደጋ ስንመለስ ድልድዩ ባዶ ነው።
ሳንጫጫ ወጣን፤ ሬዲዮኑም ዝም ያለ ነው።
ጣርማበር ላይ ጉሙ፣ ጨረቃ ያረፈበት፤
መስኮቱን ገፋሁት፤ ዘርጋው ተቆጣበት።
«ወራጅ አለ» አልሁት።
«ማነው?»
ቆመ። እኔው ወረድሁ፤ ከገደሉ አፍ ቆሜ
አዳመጥሁ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ደግሜ ደጋግሜ።
ድምፅ የለም። ከታች፣ ሩቅ፣ አንድ ውሻ ብቻ
ይጮሃል፤ ከየትኛው ደሴት እንደሆነ እንጃ።